«ዴድላይን»፦ ስለ ቃሉ አመጣጥ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በየመሥሪያ ቤቱ «ዴድላይኑ ደርሷል» ሲባል የምንሰማው የእንግሊዝኛ ቃል «ሙት» እና «መስመር» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት ቃላት የተጣመረ ነው። ጥምረቱ ግልጽ ስለሆነ አመጣጡም ግልጽ ይመስላል፤ ስለዚህም ብዙው ሰው በግምት ይረካል።

አመለካከት፦ ቃሉ ከመነሻው የሥራ ማስረከቢያ ጊዜን ያመለክት ነበር፤ ሞት የተነሣበትም ለማጋነን ብቻ ነው።

እውነታው፦ ቃሉ መጀመሪያ የሚያመለክተው የቦታ ወሰንን ነበር፤ ሞቱም እውነተኛ ሞት ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት፣ በ1864 እ.ኤ.አ.፣ የደቡቡ ወገን በጆርጂያ ግዛት አንደርሰንቪል ላይ የምርኮኞች ሰፈር ከፈተ። ከረጅሙ የግንድ አጥር ስድስት ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ «ዴድ ላይን» የሚባል መስመር ነበረ፤ ያንን ያለፈ ምርኮኛ ከማማው በጥይት ይመታ ነበር። በ1865 በሰፈሩ አዛዥ በሄንሪ ዊርዝ ላይ የቀረበው ክስ እንደሚገልጸው፣ መስመሩ በብዙ ቦታ በሐሳብ ብቻ ያለ ነበር፤ በሌላው ቦታ ደግሞ በሚወላውሉ ትናንሽ ችካሎች ጫፍ ላይ በምስማር የተመታ ጣውላ ነበር። ረሃብና በሽታ ያደከመው ሰው በዓይኑ የማያየውን ወሰን ተላለፍህ ተብሎ መገደሉ ከቃሉ ታሪክ ሁሉ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር ይመስለኛል።

አመለካከት፦ በአንደርሰንቪል ብዙዎቹ የሞቱት በዚህ መስመር ላይ ነው።

እውነታው፦ በሰፈሩ ከታሰሩት 45,000 ያህል ምርኮኞች ወደ 13,000 የሚጠጉት ሞተዋል፤ አብዛኞቹን የፈጀው ግን በሽታና የምግብ እጦት ነው።

አመለካከት፦ መስመሩ የዊርዝ ፈጠራ ነው።

እውነታው፦ በሰሜኑ ወገን እስር ቤቶችም ነበረ። ሆኖም ዊርዝን በኅዳር 1865 ለስቅላት ያበቃው ችሎት ቃሉን በሰፊው አሳወቀው።

አመለካከት፦ ቃሉ ከእስር ቤት በቀጥታ ወደ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ገባ።

እውነታው፦ በመካከሉ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አለ፤ በዚያም ዘመን ቃሉ የቦታ ወሰን መሆኑን አልተወም። በካንሳስ ግዛት በዶጅ ሲቲ ከተማ የባቡር ሐዲዱ በዚህ ስም ይጠራ ነበር፤ ከእርሱ በስተሰሜን መሣሪያ ይዞ መንቀሳቀስ ክልክል ነበር። በኒው ዮርክ ደግሞ በ1880 የፖሊስ መርማሪው ቶማስ በርንስ በፉልተን ጎዳና ላይ ተመሳሳይ ወሰን አበጀ፤ ከዚያ አልፎ ወደ ዎል ስትሪት ባንኮች የተጠጋ የታወቀ ወንጀለኛ ይያዝ ነበር። በማተሚያ ቤትም በማተሚያ መኪናው ላይ የሚሰመር፣ ከእርሱ ያለፈ ፊደል በትክክል የማይታተምበት መስመር በዚሁ ስም ተጠራ። ቃሉ ከቦታ ወደ ጊዜ የተሻገረው በ1910ዎቹ በአሜሪካ ጋዜጦች ዘንድ ነው፤ ያን ጊዜም ትርጉሙ፣ ከእርሱ በኋላ የደረሰ ጽሑፍ በዕለቱ እትም የማይገባበት ሰዓት ማለት ሆነ።