አቋም ያለው አወያይ እንዴት ገለልተኛ ይሆናል?

አወያይ ማለት ሰዎች ሲወያዩ ተራ የሚሰጥ፣ ሰዓት የሚይዝ፣ ከርዕስ የወጣውን የሚመልስና የተሳደበውን የሚያስቆም ሰው ነው። በስብሰባ ላይ ሰብሳቢ እንለዋለን። በፓርላማ አፈ ጉባኤ ይባላል። ስሙ ይለያይ እንጂ ሥራው አንድ ነው። ሥልጣኑ ከውጭ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ውሳኔ የሚያስተላልፉት ተሰብሳቢዎቹ ናቸውና። ነገር ግን ማን እንደሚናገር፣ መቼ እንደሚናገር፣ የቱ ጋ "ይበቃል" እንደሚባል የሚወስነው እሱ ነው። ሐሳቡን ሳይናገር የቀረ ሰው ደግሞ በድምፅ ብልጫ ከተሸነፈው የባሰ ተሸንፏል። የተሸነፈው ቢያንስ ተሰምቷል።

ብዙ ሰው ገለልተኛ አወያይ ሲባል ምንም አቋም የሌለው ሰው ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ቢገኝም ስለ ጉዳዩ ምንም የማያውቅ ይሆናል። ከአወያይ የሚጠበቀው አቋሙ እጁን እንዳይመራው ነው። ለሚስማማበት ሰው 5 ደቂቃ ከሰጠ፣ ለማይስማማበትም 5 ደቂቃ ይሰጣል። የሚወደውን ሰው በጨዋ ቃል ካረመ፣ የማይወደውንም በዚያው ቃል ያርማል። ይህን በልብ ቅንነት ብቻ መወጣት አይቻልም። ለዚህም ነው የተለያዩ አገሮችና ተቋማት አወያዩን የሚያስሩ ደንቦችን ሲያወጡ የኖሩት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ረገድ ረጅም ልምድ ካላቸው ቦታዎች አንዱ የብሪታንያ የታችኛው ምክር ቤት ነው። በቀድሞው ዘመን የእንግሊዝ አፈ ጉባኤዎች ብዙውን ጊዜ የንጉሥ ሰው ነበሩ። ጃንዋሪ 4 ቀን 1642 ቀዳማዊ ቻርልስ አምስት የምክር ቤት አባላትን ለማሰር ወታደሮች አስከትሎ መጣ፤ አዳራሹም ውስጥ ገባ። የፈለጋቸው ሰዎች ግን ቀደም ብለው ወጥተዋል። ንጉሡ አፈ ጉባኤውን ዊልያም ሌንታልን "የት አሉ?" ብሎ ጠየቀው። ሌንታል ተንበርክኮ መለሰ። ምክር ቤቱ ካላዘዘኝ በቀር በዚህ ቦታ የማይበት ዓይንም የምናገርበት ምላስም የለኝም አለ። በዚያ ሰዓት እንዲህ ማለት ቀላል አልነበረም። አወያይ የማን አገልጋይ እንደሆነ ከዚህ በላይ አጥርቶ የተናገረ ሰው አላውቅም።

ዛሬ በዚያ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የሚሆን ሰው ሲመረጥ ከፓርቲው ይለቃል። በክርክር አይሳተፍም። ድምፅ የሚሰጠው ሁለቱ ወገኖች እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን ደስ ያለውን አይመርጥም። በ1867 አፈ ጉባኤ የነበረው ጆን ኤቭሊን ዴኒሰን ያስቀመጠው መርህ አለ። ተጨማሪ ውይይት የሚቻል ከሆነ ድምፁን ውይይቱ እንዲቀጥል ይሰጣል። የማይቻል ከሆነ ደግሞ ያለው ነገር ባለበት እንዲቆይ ይወስናል። ኤፕሪል 3 ቀን 2019 ይህ መርህ ተፈተነ። ስለ ብሬግዚት (ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስለመውጣቷ) አማራጮች ሌላ የድምፅ መስጫ ቀን ይመደብ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ውጤቱ 310 ለ310 ሆነ። ከ1993 ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ተከስቶ አያውቅም ነበር። አፈ ጉባኤ ጆን በርኮው ድምፃቸውን ለተቃውሞው ሰጡ። ምክንያታቸውንም እዚያው ተናገሩ፤ በምክር ቤቱ የሌለን አብላጫ ድምፅ መፍጠር የሰብሳቢው ሥራ አይደለም የሚል ነበር። አሜሪካ ውስጥ ግን የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የአብላጫው ፓርቲ መሪ ነው፤ ማንም ገለልተኛ ይሆናል ብሎ አይጠብቀውም። ስለዚህ "አፈ ጉባኤ" የሚለው ማዕረግ ብቻውን ስለ ገለልተኝነት ብዙ አይነግረንም።

ፓርላማ የሌለው ተራ ማኅበር ግን ምን ያድርግ? ለዚህ ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን ደንብ የጻፈው ሄንሪ ማርቲን ሮበርት የሚባል የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ ነው። በ1863 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በኒው ቤድፎርድ ከተማ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተደረገን ስብሰባ ምራ ተባለ። እንዴት እንደሚመራ አያውቅም ነበር። በጣም አፈረ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ማጥናት ጀመረ፤ በ1876 የስብሰባ ሥነ ሥርዓት ደንቡን አሳተመ።

የደንቡ ብልሃት አወያዩ ጥሩ ሰው ይሁን አይሁን ሳይጠይቅ መሥራቱ ነው። ተሰብሳቢዎች እርስ በርስ አይነጋገሩም፤ ሁሉም ንግግሩን ለሰብሳቢው ያቀርባል። በዚህ ምክንያት "አንተ ውሸታም" የሚለው ቃል ቦታ ያጣል። ንግግሩ ወደ ባላጋራው ሳይሆን ወደ ሰብሳቢው ስለሚሄድ ሰው ሳይወድ በግዱ ረጋ ይላል። በአንድ ጉዳይ ላይ ገና ያልተናገረ ሰው እጁን ካወጣ፣ አንዴ ከተናገረው ይቀድማል። አንዱ ደግፎ ከተናገረ ቀጥሎ ተቃዋሚው ይፈለጋል። ሰብሳቢው ራሱ መከራከር ካማረው ደግሞ ወንበሩን ለምክትሉ አስረክቦ ይወርዳል። ያ ጉዳይ እስኪያልቅ ድረስም ወደ ወንበሩ አይመለስም። አሥር አሥራ ሁለት ሰው በሚቀመጥበት አነስተኛ ቦርድ ይህ ሁሉ ላላ ይላል። እኔ ከሁሉም የምወደው የወንበሩን ደንብ ነው። ሰብሳቢው ሐሳብ አለው፤ ሐሳቡንም መናገር ይችላል። ተራ እየሰጠ መከራከር ግን አይፈቀድለትም።

ገለልተኛ መሆን ብቻ ሳይሆን ገለልተኛ ሆኖ መታየትም ያስፈልጋል። ይህን ሐሳብ ከማንም በላይ የሠሩበት ዳኞች ናቸው። የእንግሊዝ የፍርድ ሥርዓት የበላይ የነበሩት ሎርድ ኮተናም አንድ የቦይ ኩባንያ ተከራካሪ በሆነበት ጉዳይ ፈርደው ነበር። ኋላ በዚያው ኩባንያ አክሲዮን እንዳላቸው ታወቀ። ፍርዱ ተሻረ። ይህም በ1852 ነበር፤ በአድልዎ ፈርደዋል ያለ ሰው ግን አልነበረም። በ1923 ደግሞ ማካርቲ የተባለ አሽከርካሪ ከደረሰ ግጭት በኋላ ሱሴክስ ውስጥ ተፈርዶበት ነበር። የዳኞቹ ጸሐፊ የሚሠራበት የጠበቆች ቢሮ ለሌላኛው ወገን በካሳ ጉዳይ ቆሞ ነበር። ዳኞቹ ለመምከር ሲወጡ ጸሐፊው አብሯቸው ገባ። አንድም ነገር አልጠየቁትም። እንዲያም ሆኖ ፍርዱ ተሻረ። ዋና ዳኛው ሎርድ ሄዋርት ፍትሕ መደረጉ ብቻ አይበቃም፣ ሲደረግም በግልጽ መታየት አለበት ያሉት በዚህ መዝገብ ነው። አወያይም ከአንዱ ወገን ጋር ዝምድና፣ የገንዘብ ጉዳይ ወይም የቆየ ጠብ ካለው አስቀድሞ ይናገር። ነገሩ ከበድ ካለም ለዚያ አጀንዳ ሌላ ሰው ይተካ። በሩ ተዘግቶ ምን እንደተባለ ውጭ ያሉት አያውቁም፤ የሚያዩት የገባውን ሰው ብቻ ነው።

የምርጫ ክርክር መድረኮች ትልቁ ችግራቸው ሰዓት ነው። በ1858 አብርሃም ሊንከንና ስቴፈን ዳግላስ ሰባት ጊዜ ሲከራከሩ ጥያቄ የሚጠይቅ አወያይ አልነበራቸውም። አንዱ 60 ደቂቃ ይናገራል፣ ሌላው 90 ደቂቃ ይመልሳል፣ የመጀመሪያው በ30 ደቂቃ ይዘጋል። መጀመሪያ የሚናገረውም ከመድረክ መድረክ ይቀያየር ነበር። ቴሌቪዥን ሲመጣ አወያይ መጣ። አወያይ ሲመጣ ደግሞ የአድልዎ ወቀሳ ተከተለ። በሴፕቴምበር 2020 በዶናልድ ትራምፕና በጆ ባይደን መካከል የተደረገው የመጀመሪያ ክርክር በመቆራረጥ አለቀ። በሚቀጥለው ክርክራቸው አዘጋጆቹ አንድ መላ ዘየዱ። በእያንዳንዱ ርዕስ መግቢያ አንዱ ሁለት ደቂቃውን ሲናገር የሌላው ማይክ ይዘጋል። ማይክ የሚዘጋ ደንብ አስቀድሞ ለሁለቱም ከተነገረ አወያዩን ከብዙ ጣጣ ያድነዋል። "እኔን ብቻ አቋረጥከኝ" የሚለው ቅሬታ መነሻ ያጣል።

ዓይን ያወጣ አድልዎ ቀላል ነው፤ ሁሉም ያየዋል። አስቸጋሪው አወያዩ ራሱ የማያውቀው ነው። በ2017 ሁለት ተመራማሪዎች የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቃል ክርክሮችን መርምረው ነበር። ሴቶቹ ዳኞች ከወንዶቹ ይልቅ በጣም ይቋረጡ እንደነበር አገኙ። የሚያቋርጧቸው ወንድ ባልደረቦቻቸው ብቻ ሳይሆኑ ጠበቆቹም ነበሩ። የአገሪቱ ከፍተኛ ዳኛ መሆን እንኳ ከመቋረጥ አያድንም ማለት ነው። በ2021 ፍርድ ቤቱ አሠራሩን ቀየረ፤ ጠበቃው ከጨረሰ በኋላ እያንዳንዱ ዳኛ በአገልግሎት ዘመኑ ቅደም ተከተል ተራ በተራ ይጠይቃል። ጥናቱ ለዚህ ለውጥ አስተዋጽኦ እንደነበረው ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር በአደባባይ ተናግረዋል። እኔም አንድ ጊዜ ስብሰባ ስመራ ከቆየሁ በኋላ አንዲት ተሰብሳቢ መጥታ፣ በግራ በኩል የተቀመጥነውን አንዴም አላየኸንም አለችኝ። እውነቷን ነበር። ከዚያ ወዲህ እጅ ያወጣውን ሁሉ በወረቀት እመዘግባለሁ። ዓይን ያዳላል፤ ወረቀት ግን ቅደም ተከተሉን አይረሳም።

እኩል ዕድል መስጠት ማለት ሁሉንም አባባል እኩል እውነት ማድረግ አይደለም። ቢቢሲ በ2018 ለአዘጋጆቹ ባስተላለፈው መመሪያ፣ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲዘገብ ሚዛን ለመጠበቅ ተብሎ ለውጡን የሚክድ ሰው ማቅረብ አያስፈልግም ብሏል። አወያይ የተረጋገጠን ነገር የተረጋገጠ ነው ቢል አላዳላም። ያዳላ የሚባለው የአንዱን ስህተት አርሞ የሌላውን በዝምታ ካለፈ ነው። ዝምታም ወገን ሊሆን ይችላል። አንዱ ሌላውን ሲሰድብ "እኔ ገለልተኛ ነኝ" ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ አወያይ ከተሳዳቢው ጋር ቆሟል።

ከሁሉ የከበደው ፈተና ግን የሚመጣው ከወዳጅ በኩል ነው። ባላጋራችን ደንብ ሲጥስ ደንቡ ቶሎ ትዝ ይለናል። ወዳጃችን ሲጥስ "ተናዶ ነው፣ ልቡ ንጹሕ ነው" እንላለን። አወያዩ በዚያች ቅጽበት አንድ ጥያቄ ራሱን ቢጠይቅ ይበጀዋል። ይህንኑ ቃል ያ ሌላኛው ቢናገረው ምን አደርግ ነበር? መልሱ "አስቆመው ነበር" ከሆነ ወዳጁንም ያስቁም። ወዳጅነቱ ለጥቂት ቀን ሊሻክር ይችላል። መድረኩ ግን ይተርፋል።

የሥነ ልቦና ባለሙያው ጆን ቲቦና የሕግ ምሁሩ ሎረንስ ዎከር በ1970ዎቹ እንዳሳዩት፣ ሰዎች ቢሸነፉም እንኳ በአግባቡ ከተሰሙ ሂደቱን ፍትሐዊ ነው ብለው የመቀበል ዕድላቸው ይጨምራል። በ1980 ጄራልድ ሌቨንታል ለፍትሐዊ አሠራር መለኪያ ብሎ ካስቀመጣቸው ነጥቦች አንዱ ደግሞ የተሳሳተ ውሳኔ የሚታረምበት መንገድ መኖሩ ነው። ብዙ አወያዮች የሚያመልጣቸው ይኼ ነው። ንግግር ሲያቋርጡ ምክንያቱን አይናገሩም። ቅሬታ ሲቀርብባቸውም እንደ ስድብ ይቆጥሩታል። በሮበርት ደንብ ግን ሰብሳቢው የሰጠው ብይን ያልተዋጠለት አባል ይግባኝ ይላል፤ አንድ ሰው ከደገፈው ጉዳዩ ለቤቱ ይቀርባል። ሰብሳቢው ምክንያቱን ያስረዳል። ቤቱም ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ እኩል ከሆነ ብይኑ ይጸናል። አብላጫው ከተቃወመ ይሻራል። ይህም በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል፤ ሰብሳቢውም እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኖ ለቀጣዩ ተናጋሪ ዕድል ይሰጣል።