ናስካር የመኪናውን ሞተር ለምን ያንቀዋል?

የአሜሪካውን ናስካር የመኪና ውድድር ማየት የጀመረ ሰው «ሬስትሪክተር ፕሌት» ሲባል ግራ ይገባዋል። አራት ቀዳዳ ያለው ስስ ብረት ነበር፤ አየርና ቤንዚን ከሚቀላቅለው ክፍል፣ ከካርቡሬተሩ፣ ሥር ይገባ ነበር። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው ከአየር ጋር ቀላቅሎ ነው። ቀዳዳው ሲጠብ አየር ያጥረዋል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። አፍንጫን በከፊል ይዞ ዳገት እንደመሮጥ ማለት ነው።

ለምን አስፈለገ? በ1987 እ.ኤ.አ. ሹፌሩ ቢል ኤሊየት ታላዴጋ በተባለው የውድድር ሜዳ፣ የመነሻ ተራ በሚወሰንበት ማጣሪያ በሰዓት 342 ኪሎ ሜትር ነዳ። በዋናው ውድድር የሌላው ሹፌር የቦቢ አሊሰን ጎማ ፈነዳ። መኪናው አየር ላይ ተነስቶ የተመልካቹን አጥር ቀደደ፤ ሰዎች ተጎዱ። ከ1988 ጀምሮ ዳይቶናና ታላዴጋ ሜዳዎች ላይ ፕሌቱ ግዴታ ሆነ።

ለሞተር ወዳጅ ያማል፤ አውቃለሁ። 5.8 ሊትሩ ቪ-8 ሞተር ሲያገሳ ደረት ውስጥ ነው የሚሰማው። ግን ያንን የተቀደደ አጥር ያየ ሰው ሕጉን የሚኮንን አይመስለኝም።

ሌላም ነገር አመጣ፦ የሁሉም ጉልበት ስለተቀራረበ መኪኖቹ ተጣብቀው፣ አንዱ በሌላው ከነፋስ እየተከለለ ይነዳሉ። አንዱ ሲሳሳት ብዙዎቹ ይጋጫሉ።

በ2019 እ.ኤ.አ. ፕሌቱ ቀረ። በቦታው ቀዳዳው እየጠበበ የሚሄድ ወፈር ያለ ብረት ገባ፤ ሥራው ግን ያው ነው።