ገንዘቡ ስልኩ ውስጥ የለም፦ በሐዋሳ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት የሆነው ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በሐዋሳ የባጃጅ ሒሳብም የአሞራ ገደል ዓሣም በስልክ መከፈል ጀምሯል። ስለ አሠራሩ ግን ብዙ የተዛባ ነገር ይወራል።

«ስልኩ ከተሰረቀ ገንዘቡም አብሮ ሄደ»

ሒሳቡ የተመዘገበው በኢትዮ ቴሌኮም ኮምፒውተር ላይ ነው። ሌባው ገንዘቡን የሚነካው ፒኑን (የምስጢር ቁጥሩን) ካገኘ ብቻ ነው፤ ፒኑን የልደት ዓመቱ ያደረገ ወይም እዚያው ስልክ ላይ ጽፎ ያስቀመጠ ሰው ግን ሥራውን አቅልሎለታል። ስልክ ሲሰረቅ በሌላ ስልክ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች አገልግሎት 994 ደውሎ ሲሙን ማዘጋት፣ ከዚያ መታወቂያ ይዞ ምትክ ሲም ማውጣት ነው። ቁጥሩ ስለማይቀየር ቀሪ ሒሳቡ እንዳለ ይቆያል።

«መልእክቱ ከደረሰ ገንዘቡ ደርሷል»

ብዙ ሰው የሚበላው እዚህ ላይ ነው። የቴሌብር ማረጋገጫ ከ127 ይመጣል። አጭበርባሪ ያንኑ ጽሑፍ ገልብጦ ከተራ የ09 ወይም የ07 ቁጥር ይልካል፤ የተጣደፈ ሻጭ ደግሞ የሚያየው የብሩን መጠን እንጂ የላኪውን ቁጥር አይደለም። ገዢው ከራሱ ስልክ የሚያሳየው ምስልማ ጭራሽ ማስረጃ አይሆንም፦ የትናንት ክፍያ ሊሆን ይችላል፣ ጽሑፉንም መቀየር ይቻላል። ዕቃ ከማስረከብ በፊት በ*127# ገብቶ ቀሪ ሒሳብን ማየት ነው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። «በስህተት 2,000 ብር ልኬልሃለሁ፣ መልስልኝ» የሚል ስልክ ሲመጣም እንደዚሁ።

ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ ገንዘቡ ተቀንሶ መልእክቱ ይዘገያል። ቀሪ ሒሳብ ሳያዩ እንደገና የላኩ ሰዎች ሁለት ጊዜ ከፍለዋል።

«ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ ታዲያ ኢንተርኔቱ ለምን ይንቀራፈፋል?»

ስልኩ ላይ የሚታዩት ዘንጎች የሲግናሉን ጥንካሬ እንጂ ፍጥነትን አይለኩም። እሑድ ፍቅር ሐይቅ ዳር የሞላው ሰው የአካባቢውን አንቴና አቅም ይካፈለዋል።

«ፎቶውን አጥፍቼዋለሁ፣ ስልኩን ልሸጠው»

መሰረዝ የመጽሐፍን ማውጫ እንደ መቅደድ ነው፤ ገጾቹ እዚያው አሉ። ከሚሞሪ ካርድ የተሰረዘ ፎቶ ሌላ ፋይል እስኪጻፍበት ድረስ በነጻ ፕሮግራም ሊመለስ ይችላል። ካርዱን ነቅሎ ማስቀረት ይሻላል፤ የሚጨምረው ዋጋ ከጣጣው አይበልጥም።

ስልኩን ራሱን ለማጽዳት መጀመሪያ የጉግል አካውንቱን ማስወጣት፣ ቀጥሎ ከሴቲንግ ገብቶ ፋክተሪ ሪሴት (ሁሉን አጥፍቶ ስልኩን እንደ አዲስ መመለስ) ማድረግ ነው። አዳዲስ አንድሮይዶች መረጃን በምስጢር ቁልፍ ቆልፈው ስለሚይዙ ሪሴቱ ቁልፉን ያጠፋዋል፤ የተረፈው አይነበብም። አካውንቱ ሳይወጣ በጎን ቁልፎች ሪሴት የተደረገ ስልክ ግን ሲከፈት የቀድሞ ባለቤቱን ፓስወርድ ይጠይቃል፤ ገዢውም ገንዘቡን ሊጠይቅ ተመልሶ ይመጣል።