የዲጂታል ክህሎት ትምህርት በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

በኢትዮጵያ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ኮምፒውተር ራሱን ችሎ የሚሰጥ የትምህርት ዓይነት ነው፤ ስሙ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ፣ በተማሪው አፍ ደግሞ «አይቲ»። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን ስለ ፋይል አያያዝ፣ ስለ ኔትወርክ፣ ስለ መረጃ ደኅንነትና ስለ ፕሮግራሚንግ ያስተምራል።

ቴክኖሎጂ በስፋት ወደ ክፍል የገባው ግን በኮምፒውተር ሳይሆን «ፕላዝማ» በሚባለው የክፍል ቴሌቪዥን ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ሒሳብና ፊዚክስ ያሉ ትምህርቶች በሳተላይት ይሰራጩ ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይፈስሳል፤ ያልገባው ተማሪ «ይደገምልን» ቢል የሚሰማው የለም። ተማሪው ተመልካች ሆኖ ቀረ።

ይህ ችግር በአይቲ ክፍለ ጊዜም አልጠፋም። ኮምፒውተር በሚያጥርበት ትምህርት ቤት አንዱን ማሽን ሦስትና አራት ተማሪ ይከበዋል፤ ማውዙን የያዘው ይለማመዳል፣ የቀሩት ያያሉ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ሁሉም ወደ ጥቁር ሰሌዳ ይመለሳል፣ ኪቦርዱም በጠመኔ ይሣላል። ክህሎት ግን በጣት የሚገባ ነገር ነው። አማርኛ መጻፍን እንይ፦ ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር «ኤስ»ን (S) ሲነኩ «ስ» ይመጣል፣ «ኢ» (E) ሲከተልበት ወደ «ሰ» ይለወጣል። ሁለት ጊዜ የሞከረ አይረሳውም፤ በቃል የተነገረው ግን ደብተሩ ላይ ይቀራል። በራስ ቋንቋ መጻፍ ለዚህ ትምህርት መነሻ ሊሆን ይገባው ነበር።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ የሚያነቡትን መመርመር ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው ተሰርዟል። ከዚያ ወዲህ በየፈተናው ሰሞን «መልሱ ደርሶናል» የሚል መልእክት በቴሌግራም ይዘዋወራል፤ ገንዘብ የሚጠየቅበትም አለ። ላኪው ማን ነው? ገጹ መቼ ተከፈተ? ፎቶው ከየት የመጣ ነው? ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከኮምፒውተር ክፍሎች ስም ዝርዝር ይልቅ የሚያስፈልገው እነዚህን መጠየቅ ነው።

መንግሥት በ2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ አጸደቀ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኮዲንግ በኦንላይን የሚያስተምረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ተጀመረ። በዚያው ዓመት ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከፊሉ ብሔራዊ ፈተናውን በኮምፒውተር ወሰዱ። ማውዝ በተራ ሲደርሰው ለቆየ ተማሪ ይህ ፈተና ሁለት ነው፤ አንዱ የጥያቄው፣ ሌላው የማሽኑ።