ትንሿ የእሽቅድምድም ድሮን፦ ከመጀመሪያው በረራ በፊት

የእሽቅድምድም ድሮን ሲባል ብዙ ሰው ሠርግ ላይ ከጭንቅላታችን በላይ የምታንዣብበዋን ድሮን ያስባል። እሷ አይደለችም። የሠርጓ ድሮን እጃችሁን ከሪሞቱ ላይ ብታነሱ ባለችበት ቆማ ትጠብቃችኋለች። የእሽቅድምድሟ ጂፒኤስ የላትም፣ ዛፍ አይታ አትቆምም፣ ዝም ካላችኋት ወይ ግድግዳ ወይ መሬት ታገኛለች። አብራሪው መነጽር ያጠልቃል፤ መነጽሩ ውስጥ የሚታየው ድሮኗ አፍንጫ ላይ ያለችው ካሜራ የምታየው ነው። ይህ አበራረር ኤፍፒቪ ይባላል።

እዚህ የምናወራው ስለ ትንሿ ነው፣ ውፕ ስለምትባለው። ከአንዱ ሞተር በሰያፍ እስከ ተቃራኒው ሞተር 65 ወይም 75 ሚሊሜትር ናት። ባለ 65ቷ ባትሪዋን ጨምሮ 30 ግራም አካባቢ ትመዝናለች። ፕሮፔለሮቿ በፕላስቲክ ቀለበት ተከበዋል። መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። ትልልቆቹ፣ ባለ 5 ኢንች ፕሮፔለሮቹ፣ በሰዓት ከ150 ኪሎሜትር በላይ ይከንፋሉ፣ ጣትም ይቆርጣሉ። ትንሿ ሰው ብትመታ «ውይ!» ከማሰኘት አታልፍም። መጫወቻ ናት የሚሉ አሉ። ይበሉ።

ከየት መጣች

ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው እውነትም ከመጫወቻ ነው። በ2010 አካባቢ ሰዎች የኔንቴንዶ ዊን መቆጣጠሪያ ፈትተው ውስጡ ያለውን ጋይሮስኮፕ አወጡ፤ አራት ሞተር ያለው ነገር ሚዛኑን እንዲጠብቅ የሚያደርግ ሶፍትዌርም ጻፉለት። ስሙ መልቲዊ ነበር። ከመልቲዊ ቤዝፍላይት፣ ከቤዝፍላይት ክሊንፍላይት፣ ከክሊንፍላይት ደግሞ ዛሬ አብዛኛው የእሽቅድምድም ድሮን የሚበርበት ቤታፍላይት ተወለደ። ሁሉም ነጻ ናቸው፣ ሁሉንም የሠሩት በትርፍ ጊዜያቸው ተቀምጠው የጻፉ ሰዎች ናቸው።

እሽቅድምድሙን ማን ጀመረው የሚለው ያከራክራል። አውስትራሊያ የሚልም አለ፣ አውሮፓ የሚልም አለ። ዓለምን ያነቃው ግን በ2014 ፈረንሳይ ውስጥ፣ አንሲ ከተማ አጠገብ ጫካ ውስጥ በዛፎች መሃል ሲሽቀዳደሙ የተቀረጸው ቪዲዮ ነው ቢባል ብዙም ስህተት አይሆንም። በሐምሌ 2015 ሳክራሜንቶ፣ ካሊፎርኒያ ላይ የመጀመሪያው የአሜሪካ ብሔራዊ ውድድር ተደረገ፤ ያሸነፈው ግን አሜሪካዊ ሳይሆን አውስትራሊያዊው ቻድ ኖዋክ ነው። በመጋቢት 2016 ዱባይ የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ዘርግታ አብራሪዎችን ጠራች። ሉክ ባኒስተር የሚባል የ15 ዓመት እንግሊዛዊ ልጅ በሌሊት በመብራት ባሸበረቀው መንገድ ላይ ቀድሞ ገባና ቡድኑ 250 ሺህ ዶላር ወሰደ። በ2018 የዓለም አየር ስፖርት ፌዴሬሽን የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ሼንዘን፣ ቻይና ላይ አካሄደ። እዚያም ያሸነፈው የ15 ዓመት ልጅ ነው፣ አውስትራሊያዊው ሩዲ ብራውኒንግ። ጎልማሳ ጀማሪዎች ይህን ሲሰሙ ትንሽ ይከፋቸዋል።

ትንሿ ግን የራሷ ታሪክ አላት፣ እሱ ላይ ክርክር የለም። በ2016 ጄሲ ፐርኪንስ የሚባል የኮሎራዶ ሰው ኢንዳክትሪክስ የምትባል የመጫወቻ ድሮን ላይ ጥፍር የምታህል ካሜራ ለጠፈ። ታይኒ ውፕ አላት። ከዚያ በኋላ ክረምት፣ ዝናብ፣ ጠባብ አፓርታማ ሰበብ መሆኑ ቀረ።

በ2023 የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰው ሳይነካት የምትበርና ሻምፒዮኖችን የረታች ድሮን ሠርተው ሥራቸውን አሳትመዋል።

ጠረጴዛው ላይ

ከካርቶኗ እንደወጣች ባትሪ ሰክቶ ማስነሳት ያጓጓል። አታድርጉት። መጀመሪያ ፕሮፔለሮቹ ይነቀላሉ። አራቱም።

ቀጥሎ ድሮኗ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ትገናኛለች። ገመዱ መረጃ የሚያስተላልፍ ይሁን። እኔ አንድ ሙሉ ማታ «ተበላሽታ ነው የላኩልኝ» እያልኩ ስበሳጭ አምሽቼ፣ ጠዋት ላይ ገመዱ ቻርጅ ከማድረግ ውጪ ምንም የማያውቅ ሆኖ ተገኘ።

የቤታፍላይት ገጽ ሲከፈት የድሮኗ ምስል ይታያል። ድሮኗን በእጃችሁ ወደ ቀኝ ስታጋድሉ ምስሉም ወደ ቀኝ ማጋደል አለበት። ወደ ሌላ ከሄደ አቅጣጫዋ በስህተት ተሞልቷል ማለት ነው፣ እንደዚያው ሆና ብትነሳ ወዲያው ትገለበጣለች። ከዚያ ሪሞቱ ይበራል። ዱላዎቹን ስታንቀሳቅሱ ቁጥሮቹ ከ1000 እስከ 2000 ይሄዳሉ፣ የመሃሉ 1500 ነው። ስሮትሉ፣ ማለት ነዳጅ መስጫው፣ ከታች ወደ ላይ እንጂ ከላይ ወደ ታች መጨመር የለበትም። ቀልድ ይመስላል፤ ሆኖ ያየሁት ነገር ነው።

ሞተሮቹ ቁጥር አላቸው። በቤታፍላይት 1 ከኋላ በቀኝ፣ 2 ከፊት በቀኝ፣ 3 ከኋላ በግራ፣ 4 ከፊት በግራ ነው። አንድ በአንድ በዝግታ ታዞሯቸዋላችሁ። ወዴት እንደሚዞር በዓይን አይለይም፤ የወረቀት ጫፍ ስታስነኩት ወረቀቱን የሚገፋበት አቅጣጫ ይነግራችኋል። በሰያፍ የሚተያዩት ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ወደ ተቃራኒው ይዞራሉ። ፕሮፔለሮቹም ሁለት ዓይነት የሆኑት ለዚህ ነው። ከፍ ያለው ጠርዝ አየሩን ቀድሞ የሚቆርጠው ሲሆን ልክ ነው። ዓይነቱ ተቀያይሮ ከተገጠመ አየሩን ወደ ላይ ይነፋል፣ ድሮኗም ወለሉን ሙጭጭ ትላለች።

አንድ ፈተና አለ፣ አብዛኛው ጀማሪ የሚዘለው። ፕሮፔለሩ እንደተነቀለ ባትሪ ስጡና ሞተሮቹን አስነሱ፣ ከዚያ ሪሞቱን ድርግም አድርጋችሁ አጥፉት። ሞተሮቹ በአንድና ሁለት ሰከንድ ውስጥ መቆም አለባቸው። ካልቆሙ ያቺ ድሮን የሪሞት ግንኙነት በጠፋ ቀን ወደ ፈለገችው ትሄዳለች። ይህን ሳታረጋግጡ ፕሮፔለር አትግጠሙ። እኛ ቅዳሜ ማታ የምንገናኝበት አዳራሽ ውስጥ አዲስ የመጣ ሰው ይህን ፈተና ፊታችን ካላሳየ አናስበርረውም፣ የፈለገ ጓደኛችን ይሁን። ደንባችን ጥብቅ ነው ይሉናል። በሦስት ክረምት ውስጥ የተጎዳ አንድ መብራት ብቻ ነው።

ባትሪ

የትንሿ ባትሪ አንድ ሴል፣ 300 ሚሊአምፒር-ሰዓት አካባቢ ነው። ተራው ሊፖ፣ ማለት ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ፣ ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል። ኤችቪ የሚል የተጻፈበት ደግሞ 4.35። ሁለቱን ቻርጀሩ ላይ ማምታታት አደገኛ ነው፣ ተራውን በ4.35 መሙላት እሳት መጋበዝ ነው። የ300ው ባትሪ በ0.3 አምፒር ቢሞላ ዕድሜው ይረዝማል። ያበጠ ባትሪ አይሞላም፣ አይበርም፣ «አንዴ ልሞክረው» አይባልም። ቻርጅ ላይ አድርጎ መተኛት የለም። መነጽሩ ላይ 3.3 ቮልት ስታዩ አሳርፉ። ለሳምንት የማትነኩት ባትሪ 3.8 አካባቢ ላይ ይቀመጥ።

አንዱ ባትሪ የሚያበረው 3 ወይም 4 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ስድስት ያህል ግዙ፣ አለዚያ ማታችሁ በሙሉ ቻርጀር በማየት ያልፋል።

ሲሙሌተር

ቬሎሲድሮን እና ሊፍትኦፍ የታወቁት ናቸው። በኮምፒውተር ኪቦርድ አይሞከርም፤ የራሳችሁን ሪሞት በዩኤስቢ ሰክታችሁ ነው። ጣት የሚለምደው ያንን ዱላ ነውና።

እዚህ ላይ የቆየ ጭቅጭቅ አለ። አንግል በሚባለው ሁኔታ ዱላውን ስትለቁ ድሮኗ ራሷን ታቃናለች። አክሮ በሚባለው አታቃናም፣ ያጋደለችው እንዳጋደለች ትቀጥላለች። በአንግል የጀመረ ሰው ክፉ ልማድ ይይዛል የሚሉ አሉ፣ በአክሮ የጀመረ ተስፋ ቆርጦ ይተዋል የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገን እውነት ሳይኖረው አይቀርም። እኔ ግን ሲሙሌተር ላይ ከመጀመሪያው ቀን አክሮ፣ ሳሎን ውስጥ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ባትሪዎች አንግል ነው የምለው። ሲሙሌተር ላይ መቶ ጊዜ ብትወድቁ የሚሰበር የለም። አሥር ሰዓት ያህል የተለማመደ ሰው እውነተኛዋን ሲይዝ ያስታውቃል።

በአናሎግ እና በዲጂታል ምስል መካከል ያለውን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወው። ለትንሿ አናሎግ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሲግናሉ ሲዳከም ምስሉ ቀስ በቀስ በረዶ ይለብሳል እንጂ ድንገት ደርቆ አይቀርም።

የት ይበራል

ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ያለን ሐበሾች እዚህ ላይ ዕድለኞች አይደለንም። ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ 15 ማይል ክልል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማብረር ክልክል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም እዚያው ውስጥ ናቸው። 30 ግራም ብትሆንም ድሮን ድሮን ነው። የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ሥልጣን ግን የቤት ጣሪያ ሥር አይገባም፤ አዳራሽ፣ ጋራዥ፣ ሳሎን የራሳችሁ ነው። ለዚህ ነው በዚህ አካባቢ ትንሿ ንግሥት የሆነችው።

ከክልሉ ውጪ ሜዳ ላይ የሚበር ሰው ትረስት የሚባለውን ነጻ ፈተና መውሰድ አለበት፣ መነጽር ካጠለቀም ድሮኗን በዓይኑ የሚከታተል ሰው አጠገቡ ያስፈልገዋል። ለመዝናኛ ከሆነ ከ250 ግራም በታች ያለች አትመዘገብም። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ግን ካሜራ ካላት፣ መጫወቻ ተብላ ካልተሸጠች በቀር፣ ትንሽ ብትሆንም አብራሪው ይመዘገባል።

ለእረፍት አገር ቤት ይዘን እንሂድ የምትሉ፣ ቆም በሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ ማለት ኢንሳ፣ ፈቃድ ይጠየቃል። ያለ ፈቃድ የመጣች ድሮን ቦሌ ጉምሩክ ላይ ትቀራለች። ፈቃድ ያገኘ ሰው ሌላ ነገር ይገጥመዋል፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ሞተሩ ተመሳሳይ ክብደት ለመሸከም የበለጠ መሽከርከር አለበት። ዱባይ ላይ የለመዳችኋት ድሮን አዲስ አበባ ላይ ስትታጠፍ ትንሸራተታለች።

የመጀመሪያዋ ባትሪ

ማራገቢያ ይጠፋል፣ ድመት ይወጣል፣ የቡና ስኒ ከጠረጴዛ ይነሳል። የካሜራዋ ዘንበል ወደ 15 ወይም 20 ዲግሪ ይሁን። ተሽቀዳዳሚዎች ከዚህ በጣም ከፍ ያደርጉታል፣ ምክንያቱም ድሮኗ ወደፊት ስትደፋ ካሜራዋ ወደፊት ቀጥ ብላ የምታየው እንዲያ ሲሆን ነው፤ በዝግታ ለሚበር ጀማሪ ግን ያ ማለት ጣሪያ እያዩ መብረር ነው።

ተቀመጡ። ቆሞ መነጽር ያጠለቀ ጀማሪ ድሮኗ ስታጋድል አብሮ ያጋድላል። ስሮትሉን ከፍ አድርጉ፣ ደረት ቁመት ላይ ያዟት፣ አሳርፏት። ይህን አሥር ጊዜ። ከዚያ በወንበር እግሮች መሃል ማለፍ ነው።

እኔ ይህን ሳደርግ እናቴ ሶፋው ላይ ነበረች። ሁለት ጊዜ ባጠገቧ አለፍኩ። «አንተ ልጅ፣ ይቺን ንብ ከፊቴ አንሳልኝ» አለች። ሦስተኛው ላይ ነጠላዋ ውስጥ ገባሁ። ድሮኗ ጸጥ አለች፣ ከዚያ በኋላ አንዱ ሞተር እያንቋረረ ዞሮ ይቆም ጀመር። ተቃጠለ ብዬ አዲስ ልገዛ ነበር። ሞተሩ ሥር፣ ዘንጉ ላይ፣ ከነጠላዋ ጫፍ የወጣ ነጭ ክር ሰባት ስምንት ጊዜ ተጠምጥሞ ነበር፤ በወረንጦ ሳወጣው እናቴ በስልኳ መብራት ያዘችልኝ። ምንጣፍ ያለበት ቤት ውስጥ የሚያበር ሰው ወረንጦ ከባትሪዎቹ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ያኑር።