«ልጁ ድራም ይደበድባል» ለሚሉ፦ ስለ ድራመር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ ድራም አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ የ17 ዓመት ልጅ ነው። ባለፈው ክረምት ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣና «ጋሼ፣ ይችን ስማልኝ!» አለኝ። የናይጄሪያዊው ፌላ ኩቲ ባንድ፣ «አፍሪካ 70» ነበር። ልጁን የያዘው ግን ዘፋኙ አይደለም፤ ከኋላ የተቀመጠው ድራመር ቶኒ አለን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእጁ ስቲክ አይጠፋም። በዙሪያው የሚወራው ግን ስለሚያሳዝነኝ ልመልስ።

«ድራም ጉልበት ነው»

ከሁሉም በላይ የምሰማው ይህንን ነው፤ ከሁሉም በላይ የተሳሳተውም ይኸው ነው። ቶኒ አለን ሲጫወት ተመልከቱት፤ ሰውነቱ ተረጋግቶ ተቀምጧል። ስቲኩ ስኔሩን (ፊት ለፊቱ ያለውን ትንሹን ከበሮ) አንዳንዴ እየዳሰሰ ነው የሚያልፈው፤ በጆሮ ማዳመጫ ካልሆነ አይሰማም። ዘፈኑን የሚያወዛውዙት እነዚያ የተደበቁ ምቶች ናቸው። ሁለት እጁና ሁለት እግሩ የየራሳቸውን ይጫወታሉ፣ ግን አይጋጩም። ባንዱን ሲለቅ ፌላ በእሱ ቦታ አራት ድራመር አስፈለገው ይባላል። ይህ ከጡንቻ አይመጣም፤ ከጆሮ ነው።

ልጁ ይህን በቃል ስነግረው አልገባውም ነበር። ስለዚህ በአንድ ክብረ በዓል ሌሊት ቅዱስ ጊዮርጊስ ማኅሌት ይዤው ሄድኩ። ዜማው «ቁም» በሚባለው ደረጃ ይጀምራል፤ ከበሮ የለም። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፣ መቋሚያው ይወዛወዛል፤ አሁንም ከበሮ የለም። በመረግድ ላይ ነው ከበሮው የሚገባው፣ እሱም በእርጋታ። በጽፋት ጊዜ ጭብጨባው ሲጨመር ምቱ ይፈጥናል። ከበሮ መቺው ይህን ሁሉ ሰዓት እጁን ሰብስቦ ሲያዳምጥ ነበር። ስንወጣ ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ሄደና «ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ ከመምታቱ በፊት መጫወት ጀምሮ ነበር» አለኝ። በአስተማሪነት ዘመኔ እንደዚህ ያስደሰተኝ ቃል የለም።

«የሚወደውን ድራመር መቅዳት ኩረጃ ነው»

አዎ፣ ቀድቷል። አንዷን ምት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲደጋግማት ከርሟል። ይደጋግማት! ቶኒ አለን ራሱ የአሜሪካውያኑን የጃዝ ድራመሮች የማክስ ሮችንና የአርት ብሌኪን አጨዋወት እያዳመጠ ነው ያደገው። ያንን ጃዝ ሃይላይፍ ከሚባለው የምዕራብ አፍሪካ የዳንስ ሙዚቃና ከናይጄሪያው የዮሩባ ሕዝብ ምት ጋር ሲያዋሕደው አፍሮቢት የሚባለው የሙዚቃ ስልት ተወለደ። የሚያሳስበኝ የሚቀዳ ተማሪ አይደለም፤ ማንንም ሳያዳምጥ «የራሴ ስታይል» የሚለው ነው።

«በልጅነቱ ያልጀመረ፣ ድራምም የሌለው፣ አይሆንለትም»

ቶኒ አለን ሌጎስ ውስጥ የሬዲዮ ቴክኒሻን ሆኖ እየሠራ፣ በ18 ዓመቱ ነው የጀመረው። ድራም ስለሌለውም ልጅ፦ እኛ የመኪና ጎማ ቆርጠን ጣውላ ላይ መታን። ጎማ ስቲኩን መልሶ ያነሣዋል፣ ጎረቤትም አይረብሽም። እግሩን ደግሞ ወለሉ ላይ ያለማምዳል። ሙሉ ድራም ላይ የሚቀመጠው እኔ ጋ ሲመጣ ብቻ ነው።

«የውጭ ድራመር የወደደ የአገሩን ምት ይረሳል»፣ «ድራም ለሴት አይሆንም»

ሁለቱን አብሬ የማነሣው አንድ ቀን አብረው ሲወድቁ ስላየሁ ነው።

የእኛ ችክችካ ስድስት ፈጣን ምት ነው። ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ብትከፍሉት ሁለት ጉልህ ምት ይሰጣችኋል፤ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ብትከፍሉት ሦስት። ጭብጨባው አንዱን ይዞ ከበሮው ሌላውን ሲጫወት ነው ትከሻ አልቀመጥ የሚለው። ይኸው የሦስትና የሁለት ግጥሚያ በዮሩባ ከበሮም አለ። ልጁ ቶኒ አለንን ከመስማቱ በፊት ችክችካን ቁም ነገር አድርጎ አይቆጥረውም ነበር፤ «የሠርግ ነው» ይለኝ ነበር። አሁን ግን ቀኝ እጁን ለሁለቱ፣ ግራውን ለሦስቱ ሰጥቶ ጎማው ላይ ይታገላል።

አንድ ቅዳሜ ቤታቸው ቡና ተጠርቼ ሳለ እንዲሁ ይታገል ነበር። እናቱ ጓዳ ሊጥ እያቦኩ ነው። በሰፈሩ ሠርግ ከበሮ የሚይዙት እሳቸው ናቸው፤ ልጁ ግን አንድም ቀን ጠይቋቸው አያውቅም። ሊጡ በክንዳቸው ላይ እንዳለ ብቅ አሉና «ሦስተኛዋን ትቸኩልባታለህ» አሉት። በበሩ መቃን ላይ በክርናቸው መቱለት፤ ቀስ ብለው፣ ደግመው፣ ደግመው። ልጁ ስቲኩን አስቀምጦ እጃቸውን ያይ ጀመር። ቡናው ሦስተኛው ሲደርስ አብረው ይመቱ ነበር።