የሟሟ ኦክስጅን ምንድን ነው? አረፋው አይደለም

ያለ አፈር፣ ማዳበሪያ በተበጠበጠበትና ፓምፕ አየር በሚነፋበት የባልዲ ውሃ ውስጥ ሰላጣ እያለማ «ፓምፑ ቀን ከሌት እየሠራ የሰላጣዬ ሥር ለምን በሰበሰ?» ለሚል ሰው የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አረፋው አንሶት ነው፤ ተለቅ ያለ ፓምፕ ግዛ።» ይህ ምክር ጎንደር ላይ ገንዘብ ያስወጣል እንጂ ሥር አያድንም።

ሥር አረፋ አይተነፍስም። የሚወስደው በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው፤ ይህ ደግሞ በዓይን አይታይም፣ በሊትር ስንት ሚሊግራም ተብሎ ይለካል። «ውሃ ራሱ ከኦክስጅን የተሠራ ነው፣ ፓምፕ ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። ያኛው ኦክስጅን ከሃይድሮጅን ጋር የተሳሰረ ነው፤ ሥር አላቆ ሊተነፍሰው አይችልም።

ከአዘዞ ፒያሳ የሚመላለስ ሚኒባስ አስቡ። ውሃው ሚኒባሱ፣ ኦክስጅኑ ተሳፋሪው፣ በሩ ደግሞ ውሃና አየር የሚገናኙበት ገጽ ነው። አረፋ በጉዞው ላይ የራሱን ትንሽ በር ይከፍታል፤ ነገር ግን 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ባልዲ ውስጥ አንድ ሁለት ሰከንድ ሳይቆይ ወጥቶ ይፈነዳል። ትልቁ ሥራው ውሃውን ማገላበጡ ነው፦ ከታች ያለውን ባዶ ወንበር ወደ በሩ ያመጣል። ወንበሩ ከሞላ በኋላ ግን በር ብታበዙ ለውጥ የለም፤ አንድ ሲሳፈር አንድ ይወርዳል። የወንበሩን ቁጥር የሚወስኑት ሙቀትና የአየር ግፊት ናቸው። ባሕር ጠረፍ ላይ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው ውሃ 9 ሚሊግራም ያህል ይይዛል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ያው ውሃ እዚህ 7 ገደማ ላይ ይቆማል፤ ሙቀቱ 30 ከደረሰ 6 እንኳ አይሞላም። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ሥሩ አብዝቶ ይተነፍሳል፤ ወንበሩ ሲያንስ ፈላጊው ይበዛል ማለት ነው።

(የሟሟ ኦክስጅን መለኪያ ያላችሁ፦ መሣሪያው ላይ ከፍታችሁን ወይም የአየር ግፊቱን ካላስገባችሁ የሚያሳየው ሚሊግራም ከእውነተኛው በላይ ሊሆን ይችላል።)

ሰላጣ ከ5 ሚሊግራም በላይ እስካገኘ ድረስ ይስማማዋል። ወደ 3 ሲወርድ ሥሩ ይዳከማል፣ ፒቲየም የሚባል ሥር አበስባሽ ረቂቅ ተሕዋስ ይገባበታል፣ ቡናማና ልጥልጥ ይሆናል። ፒቲየም እውነተኛ ፈንገስ ስላልሆነ ብዙው የፈንገስ መድኃኒት አይነካውም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገዛው ትልቅ ፓምፕ ሳይሆን ቴርሞሜትር ነው። ውሃውን ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ለመያዝ ባልዲውን ከውጭ መጀመሪያ ጥቁር፣ በላዩ ነጭ ቀለም ቀቡት፤ ጥቁሩ ብርሃን ከልክሎ አልጌን ያግዳል፣ ነጩ ፀሐይን ይመልሳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ግማሹን መሬት ውስጥ ቅበሩት፣ ጥላም አይለየው።

ለ20 ሊትር ባልዲ በደቂቃ ከ2 እስከ 4 ሊትር አየር የሚነፋ የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ይበቃል። የአየር ድንጋዩ (በቱቦው ጫፍ አየሩን ወደ ጥቃቅን አረፋ የሚበትነው) መሃል ላይ፣ የባልዲውን ታች ነክቶ ይቀመጥ። ፓምፑን ከውሃው ገጽ ከፍ አድርጉት፤ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ መብራት በጠፋ ጊዜ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ ይገባል። ከፍ ማድረግ ካልተቻለ አየር ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ቱቦው ላይ ይግባ። ፓምፑ ያለበት ቦታም ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ ፓምፕ ትኩስ አየር ወደ ውሃው ይነፋል።

መብራት ለብዙ ሰዓት ሲጠፋ ያደገ ሥር በባልዲው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። መከላከያው ባትሪ ብቻ አይደለም። ሥሩ ችግኙን ከያዘው ቀዳዳ ቀዳዳ ኩባያ ወጥቶ ወደ ታች ከወረደ በኋላ በኩባያው ግርጌና በውሃው መካከል ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ፤ እዚያ የሚያድገው ሥር ከእርጥብ አየር በቀጥታ ይተነፍሳል። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው በርናርድ ክራትኪ ያስተዋወቀው ያለ ፓምፕ የማልማት ዘዴ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ሥሩ ገና ያልወረደ ችግኝ ግን ውሃው ኩባያውን ካልነካለት ይደርቃል።

አረፋው እየተነፋ ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) ሲወጣ ማዳበሪያውን አትክሰሱ። ባይካርቦኔት ባለበት ውሃ ውስጥ አየር ሲነፋ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ፒኤችም ከፍ ይላል። አዲስ ውሃ ሌሊቱን አየር ይነፋበት፤ ጠዋት ማዳበሪያው ይበጥበጥበት፣ ፒኤቹ ይለካ፣ ከዚያ በአሲድ ከ5.5 እስከ 6.5 ይስተካከል።